ሦስተኛው ዓምድ፦ አዕዋፍ የተለምዶ ስማቸውን ከማን ያገኛሉ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በአዕዋፍ ላይ የተሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶችን የሚያገላብጥ ሰው በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ያገኛል። በመጀመሪያው ዓምድ ሳይንሳዊው ስም፣ በሁለተኛው የእንግሊዝኛው ስም ይሰፍራል፤ ከዚያም የተቆጠረው ብዛትና የታየበት ሥፍራ ይከተላል። ጥናቱ የተካሄደበት ቀበሌ ነዋሪ ያችን ወፍ ምን ብሎ እንደሚጠራት የሚናገር ዓምድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። አጥኚው መንገድ ከሚመራው የአካባቢው ሰው ጋር ሲውል ስሞቹን ሲሰማ ይከርማል፤ በማስታወሻ ደብተሩ ዳርም ጥቂቶቹን ይጽፍ ይሆናል። ወደ ሠንጠረዡ ሲደረስ ግን ስሞቹ የቁራ መልእክተኛ ሆነው ይቀራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ በአዕዋፍ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ሦስተኛ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። ዓምዱም ወፉ በሚኖርበት አካባቢ የሚነገረውን ስም፣ ስሙ የተነገረበትን ቋንቋና የተገኘበትን መንገድ መመዝገብ አለበት። ይህ ካልተደረገ ነገ ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ለፓርክ መግለጫዎችና ለዜና የሚያስፈልጉን ስሞች ሁሉ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ይሆናሉ። ከትርጉሙም ጋር የሌላ ሰው ጥያቄና የሌላ ሰው ታሪክ አብሮ ይገባል።

ስም ሰጪዎቹ እነማን ናቸው?

ሳይንሳዊ ስም ሕግ አለው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ በመርሕ ደረጃ ቀድሞ በወጉ የታተመው ስም እንዲጸና ያዛል፤ «የተሻለ ስም አገኘሁ» ብሎ ነባሩን መሻር አይቻልም። የተለምዶ ስም እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። ሰጪው እንደ ተመቸው ያወጣዋል፤ ብዙ ሰው ከተቀበለው ይኖራል፣ ካልተቀበለው ይረሳል። ሰጪዎቹን በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ከወፉ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ስም የሚያወጡት ከሚሰሙትና ከሚያዩት ነው። «ጉጉት» የሚለው ስም የወፉን የሌሊት ድምፅ ያስታውሳል። «ግንደ ቆርቁር» ሥራውን ይናገራል፤ «ጥንብ አንሳ»ም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ስም በራሱ የመለያ መመሪያ ነው፤ ስሙን የሰማ ልጅ ወፉን ከማየቱ በፊት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሁለተኛዎቹ ናሙና ሰብሳቢዎችና የሙዚየም ሰዎች ናቸው። በ1830ዎቹ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን በርካታ አዕዋፍ ገልጾ አሳትሟል፤ ዛሬም አንድ የጥንብ አንሳ ዝርያ በስሙ ይጠራል። በእንግሊዝኛ «የአቢሲኒያ» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው አንዳንድ አዕዋፍ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደሉም። ለምሳሌ «የአቢሲኒያ ሮለር» የሚባለው ሰማያዊ ወፍ ከሴኔጋል ጀምሮ በሳህል በኩል እስከ እኛ ድረስ ይገኛል። ቅጽሉ የሚናገረው ለሳይንስ የቀረበው የመጀመሪያ ናሙና ከየት እንደ መጣ እንጂ ወፉ የት እንደሚኖር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሚሆነው የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ ጉዳይ ነው። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለው ጣሊያናዊ ተጓዥ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆን ተገድሎ ሞተ። ከተወው ስብስብ ውስጥ አንድ እንግዳ ወፍ ተገኘ፤ ሳልቫዶሪ የተባለው የአገሩ ሰው በ1896 በሟቹ ስም ሰየመው። ሩስፖሊ ወፉን የት እንዳገኘው የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልተወ፣ ሳይንስ ወፉን በሕይወት እንደገና ያገኘው በ1940ዎቹ ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ወፉ በደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ፣ ከሰው መንደር አጠገብ ነበር። ስሙ የሰብሳቢውን ማንነት በታማኝነት ጠብቆ፣ ስለ ወፉ ግን አንዳች ሳይነግረን ቆየ።

ሦስተኛዎቹ ኮሚቴዎች ናቸው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አቋቁመው በ1993 ለዓለም አዕዋፍ ሁሉ የፈረንሳይኛ ስም የያዘ መዝገብ አሳተሙ። በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ የተመከሩ ስሞች ዝርዝር በ2006 ወጣ። የአሜሪካ የሥነ አዕዋፍ ማኅበር ደግሞ በኖቬምበር 2023 በሥልጣን ክልሉ ያሉትን በሰው ስም የተሰየሙ የእንግሊዝኛ የአዕዋፍ ስሞች እንደሚለውጥ አስታወቀ። ቀደም ሲል በ2020 የኮንፌዴሬት ጄኔራል በነበረው በማካውን ስም ትጠራ የነበረችው ወፍ በምንቃሯ ውፍረት እንድትጠራ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ የተለምዶ ስም ሊለወጥ የሚችል፣ ሰዎች ተሰብስበው የሚወስኑበት ነገር መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው መረጃ ተነሥተን እንወስናለን የሚለው የእኛ ድርሻ ነው።

የቦረናዋ ወፍ

በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ብቻ የምትኖር፣ ከዚያ ውጭ በዓለም ላይ የማትገኝ አንዲት ግራጫ ወፍ አለች። በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው፤ ምግቧን ከመሬት ትለቅማለች፤ ብዙ ጊዜም ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ ትታያለች። ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎችም አንዷ ናት። ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1938 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት «ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዘማኒ» ብሎ ሰየማት። የዝርያ ስሟ የበርሊኑን ሙዚየም ታላቅ የአዕዋፍ ሊቅ ኤርቪን ሽትሬዘማንን ያስታውሳል። የወገን ስሟ ደግሞ በወረራው ዘመን ወደ ቦረና የተላከውን የጣሊያን የሥነ ሕይወት ጉዞ የመራውን ኤድዋርዶ ዛቫታሪን ያከብራል። ዛቫታሪ በዚያው በ1938 የጣሊያንን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት 10 ምሁራን አንዱ ነው።

ሳይንሳዊውን ስም በዚህ ምክንያት መለወጥ አይቻልም፤ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽንም በሥነ ምግባር ምክንያት ስሞችን እንደማይሽር በ2023 በግልጽ አሳውቋል። እኔም ሳይንሳዊው ስም ይሻር የሚል ክርክር አላነሣም። በስሙ ውስጥ ያለው ታሪክ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰነድ ሊነበብ ይችላል። የተለምዶ ስሟ ግን በእጃችን ነው። በእንግሊዝኛ እንኳ አንዳንዶች በሽትሬዘማን ስም፣ ሌሎች በኢትዮጵያ ስም፣ ሌሎችም በአቢሲኒያ ስም ይጠሯታል። ታዲያ ስለዚህች ወፍ በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ «የሽትሬዘማን የቁጥቋጦ ቁራ» ብሎ የሚተረጉምበት ምን ምክንያት አለው? ሽትሬዘማን ያላያትን ወፍ፣ ቦረናዎች ከብቶቻቸውን ሲጠብቁ በየዕለቱ ያዩዋታል። የመጀመሪያው ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለእነርሱ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛውም ከዚያ ስም ሊዋስ ይችላል፤ ቋንቋችን ከጎረቤት ቋንቋ ስም መዋስን አዲስ የሚማረው ነገር አይደለም።

ትርጉም ይዞት የሚመጣው ጥያቄ

በሰው ስም ያልተሰየሙትም ቢሆኑ ትርጉማቸው ንጹሕ አይደለም። የደጋችንን ትልቅ ቁራ ሩፔል በ1836 ሲገልጸው በምንቃሩ ውፍረት ሰየመው፤ የእንግሊዝኛው ስም ያንኑ ደገመ፤ በአማርኛም «ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ» ብንል ትክክል የተረጎምን ይመስለናል። ነገር ግን ይህ ቅጽል መልስ የሚሆነው አንድ የአውሮፓ የሙዚየም ሰው ላነሣው ጥያቄ ነው፤ «በአገሬ ከማውቀው ቁራ በምን ይለያል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው። የሰሜን ሸዋ ወይም የጎንደር ገበሬ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። እርሱ ይህን ወፍ የሚለየው በአካባቢው ከሚያያቸው ሌሎች ቁራዎች ነው፤ ደረቱ ነጭ ከሆነው፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ እንደ ማራገቢያ ከሚዘረጋው። እነዚህን የሚለይበት ስም አለው ወይስ ሁሉንም «ቁራ» ብሎ ያልፋል? መልሱ በመስክ ጥናት የሚገኝ እንጂ ከመዝገበ ቃላት የሚተረጎም አይደለም።

ሌላው ምሳሌ «ንስር» ነው። ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ በሥዕልና በዓርማ ላይ የምናየው አዳኝ ወፍ በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። የቃሉ ዘመዶች ግን ሌላ ይላሉ፤ በዐረብኛ «ነስር» ጥንብ አንሳ ነው፣ በዘመናዊው ዕብራይስጥም «ነሸር» በሥነ አዕዋፍ ትክክለኛ አጠራር ከጥንብ አንሳዎች አንዱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በላማልሞ ተራራ አናት ላይ የአገልጋዮቹን ሥጋ ስለ ነጠቀ አንድ ትልቅ ወፍ ይተርካል፤ ስሙንም «ንስር» ብሎ መዝግቧል። ብሩስ ራሱ ወፉን ወርቃማው ንስር ነው ብሎ አስቦ ነበር። ሆኖም መጠኑን ስለለካ፣ ከታችኛው መንጋጋው የተንጠለጠለውን ጢም ስለ ገለጸና ሥዕሉን ስለ ጨመረ፣ በኋላ የመጡ አንባቢዎች ወፉ ጢማሙ አጥንት በል ጥንብ አንሳ እንደ ሆነ ሊለዩ ችለዋል። የብሩስ ትርጉም አልጸናም፤ መዝገቡ ግን ጸና። ከመግለጫ ጋር የተመዘገበ ስም ከ200 ዓመት በኋላም ሊመረመር ይችላል።

መግለጫ የሌለው ስም ዕጣው ሌላ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11፣ እንዳይበሉ የተከለከሉ አዕዋፍ ይዘረዘራሉ። ተርጓሚዎቹ የሌላ ምድር አዕዋፍን ስም በእኛ ደጋ ስሞች መተካት ነበረባቸው። በዚህም እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ሳቢሳ የሚሉ ቃላት በጽሑፍ ተጠብቀውልናል። ሆኖም ስሞቹን በቃሉ ከሚያውቅ አንባቢ መካከል ወደ ሐይቅ ዳር ወጥቶ «ሳቢሳ ይህች ናት» ብሎ በጣቱ ማሳየት የሚችል ጥቂት ነው። ቃሉ ኖሮ ወፉ ጠፍቶበታል።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ከባልደረቦች የሚሰነዘሩ ሦስት ተቃውሞዎች ተገቢ መልስ ይሻሉ።

የመጀመሪያው የሕዝብ ስም ለሳይንስ አይበቃም የሚል ነው። አማርኛ ትልልቁን «አሞራ»፣ ትንንሹን «ወፍ» እያለ ይጠቀልላል፤ የሌሊት ወፍንም፣ አጥቢ ሆና ሳለ፣ ከአዕዋፍ ይቆጥራል ይሉናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቅሉ ስም ባለበት ሁሉ ዝርዝር ስም የለም ማለት አይደለም። ኤርንስት ማየር በ1928 በኒው ጊኒ አርፋክ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች እርሱ 137 ብሎ ለለያቸው ዝርያዎች 136 ስሞች እንዳሏቸው አግኝቷል። ይህ ማለት በሁሉም ሥፍራ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሰው በቅርበት የሚጠቀምበትን፣ የሚፈራውንና ሰብሉን የሚበላበትን አብልጦ ይለያል። አንድ ስም አምስት ዝርያዎችን ሲሸፍን ያ ራሱ ውጤት ነው፤ ኅብረተሰቡ የትኛውን ልዩነት እንደሚያይና የትኛውን እንደማያይ ይነግረናል። ስለ አንድ ዝርያ ጥበቃ ከገበሬ ጋር ለመነጋገር የሚፈልግ ባለሙያ፣ የሚናገርበት ቃል በሰሚው ዘንድ አምስት አዕዋፍን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል የሚል ነው። ብሩስ ያንኑ በሜዳ የሚሄደውን ትልቅ ጥቁር ወፍ ከተከዜ ወዲህ «እርኩም»፣ ከተከዜ ወዲያ «አባ ጉምባ» እንደሚሉት ጽፏል። ልዩነቱ ግን መመዝገብን የሚከለክል ሳይሆን የሚያስገድድ ነው። አንድ ወጥ ስም የሚያስፈልገው መማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ነው፤ ያኔ የሚመርጥ ኮሚቴ የሚመርጥበት ነገር በፊቱ ሊኖር ይገባል። ዛሬ ሥራችን መምረጥ ሳይሆን መሰብሰብ ነው።

ሦስተኛው የአማርኛ የበላይነት ስጋት ነው። ከቁም ነገር መቆጠር ያለበት ስጋት ነው፤ የቦረናዋ ወፍ ምሳሌም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት አማርኛ የአፍ መፍቻ ባልሆነባቸው አካባቢዎች ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ «የአማርኛ ስም» የሚል ርእስ ሊኖረው አይገባም፤ «የአካባቢ ስም» ተብሎ በቅንፍ ቋንቋው መገለጽ አለበት። በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በአፋርኛ ለሚነገር ስም አማርኛ ፈጥሮ መተካት፣ ከእንግሊዝኛ መተርጎም ካስከተለው ጉድለት የተለየ ነገር አያመጣም።

ዓምዱ እንዴት ይሞላ?

ዓምዱን መጨመር ማለት ያገኙትን ቃል መለጠፍ ማለት አይደለም። የዕፅዋት ባልደረቦቻችን በዚህ ረገድ ቀድመውናል። በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ከዝርያዎቹ ገለጻ ጋር የአካባቢ ስሞችን ከነ ቋንቋቸው ይዟል፤ ስሙም በሄርባርየም ከተቀመጠ ናሙና ጋር ስለሚያያዝ ጥርጣሬ ሲነሣ ተመልሶ ማየት ይቻላል። ወፍን እንደ ቅጠል ጨምቆ ማስቀመጥ ባይቻልም፣ የድምፅ ቅጂና ፎቶግራፍ ያንን ቦታ ሊይዙ ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መጠየቂያው ሥዕል ብቻ አይሁን። በመጽሐፍ ላይ ድንቢጥና ንስር እኩል ሊያክሉ ስለሚችሉ ሥዕል መጠንን ያሳስታል፤ በተቻለ መጠን ጥያቄው ወፉ በሚታይበት ወይም ድምፁ በሚሰማበት ሥፍራ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ጥቂት ሰዎች ለየብቻ ይጠየቁ፤ በቡድን የተጠየቀ ሰው ሽማግሌው ያለውን ይደግማልና። ሦስተኛ፣ ስም የማይገኝለት ወፍ ሲያጋጥም ሕዋሱ ባዶ ይተው። በ1990 በነጭ ሣር ሜዳ ከተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ ተነሥቶ በ1995 ለተሰየመው የሌሊት አዳኝ ወፍ የራሱ የሆነ የአካባቢ ስም ባይገኝ አያስደንቅም፤ ባዶው ሕዋስ ከተፈጠረ ስም ይሻላል። አራተኛ፣ ስም የነገሩን ሰዎች ፈቃዳቸው ተጠይቆ በምስጋና ገጽ ብቻ ሳይሆን በመረጃው ውስጥ ይታወቁ። ከዚህም በላይ መሄድ ይቻላል። በኒው ጊኒ ሳኤም ማጅኔፕ የተባለው የካላም ተወላጅ ከአንትሮፖሎጂስቱ ራልፍ ቡልመር ጋር በ1977 ስለ አገሩ አዕዋፍ ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የመስኩ መሠረታዊ ሥራ ነው። መረጃ ሰጪ ይባል የነበረው ሰው በሽፋኑ ላይ ደራሲ ሆኖ ቀረበ።

ይህን ለማስፈጸም አዲስ በጀት አያስፈልግም። የትምህርት ክፍሎች በጥናት መመሪያቸው ውስጥ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ አማካሪዎችም ዓምዱ ሲጎድል ቢጠይቁ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ከየጥናቱ የሚወጡትን ሠንጠረዦች በአንድ ፋይል ቢያስቀምጥ ሥራው ይጀመራል። አንድ ተማሪ በአንድ ወረዳ የ80 አዕዋፍ ስም ቢሰበስብ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። 20 ተማሪዎች በ20 ወረዳዎች ሲያደርጉት ግን ይህች አገር እስከ ዛሬ ያላገኘችው መዝገብ መልክ መያዝ ይጀምራል።

ጊዜው ግን ክፍት ሆኖ አይጠብቀንም። ረግረግ ሲደርቅና ደን ሲመነጠር ወፉ አካባቢውን ይለቃል፤ ወፉን ያላየ ልጅ ስሙን የሚማርበት ምክንያት የለውም። ስሞቹን በአፋቸው የያዙት እረኞች፣ አራሾችና ማር ቆራጮች እያረጁ ነው። በሚቀጥለው የመስክ ወቅት ወደ ሥፍራው የሚወጣ ተመራማሪ ለሁለት ዓምድ የሚሆን መጽሐፍ በእጁ አለው። ሦስተኛውን የሚሞላለት ሰው አጠገቡ ቆሟል፤ መጠየቅ ብቻ ይቀረዋል።